ቅሬያችን የአባሎቹን የደም ግፊት ሊለካ ነው፤ ከጤና ጣቢያው ጋር እንዴት እንስማማ?

ጥያቄ፦ "ደሴ ውስጥ 210 አባወራ ያለው ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው) ጸሐፊ ነኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከቀበርናቸው አባሎቻችን አምስቱ በድንገት ወድቀው የቀሩ ናቸው። ሐኪም 'ግፊት ነው' ብሎናል። ባለፈው ስብሰባ አንድ ሽማግሌ 'ለመቅበር ብቻ ነው እንዴ የተሰበሰብነው?' ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ የግፊት መለኪያ ገዝተን በየወሩ አባሎቻችንን ለመለካት ወስነናል። ጤና ጣቢያው ይተባበረናል ወይ? ከየት እንጀምር? አልለካም ያለውን አባልስ መቅጣት እንችላለን?"

መልስ፦ መጀመሪያ እኚያን ሽማግሌ ይሳሙልኝ። እኔ ጤና መኮንን ነኝ። ደሴም ኮምቦልቻም ጤና ጣቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ። "የማኅበረሰብ ተሳትፎ" የሚል ርዕስ ያለው ስብሰባ ስንቱን ቁጭ ብዬ አሳልፌዋለሁ። እንደ እሳቸው በአንድ አፍ የጨረሰው ግን አላጋጠመኝም።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ጤና ጣቢያው ይተባበራችኋል። መለኪያውን ግን ገና አትግዙ።

መለካት ቀላሉ ሥራ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ውስጥ ከመቶው 16ቱ ያህል ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ቅሬ ውስጥ ዕድሜው ጠና ያለ ሰው ይበዛል። ስለዚህ እናንተ ዘንድ ቁጥሩ ከዚህ ቢበልጥ አይደንግጡ። ግፊት ያለበትን ሰው ታገኛላችሁ፣ በዚህ ጥርጥር የለኝም። ጣጣው የሚመጣው ካገኛችሁት በኋላ ነው።

ግፊት አያምም። የማያም በሽታ ደግሞ ቀጠሮ አያስከብርም። ሰውየው አንድ ወር ኪኒን ይውጣል፣ ደህና ነኝ ይላል፣ ይተወዋል። አንድ የማልረሳቸው ታካሚ ነበሩኝ። ኪኒናቸውን በሶፍት ጠቅልለው በኮታቸው የደረት ኪስ ይዘውት ይዞራሉ። "መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?" አልኳቸው። "ሲነሳብኝ" አሉኝ። ራስ ምታት ማለታቸው ነው። ግፊት ግን እስኪነሳ አይጠብቅም፤ ድምፁን አጥፍቶ ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥር ሲጎዳ ይከርማል።

እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሲጠፋ ጤና ጣቢያው በምን ይፈልገዋል? ካርዱ አለ። ስልኩ ተቀይሯል። አድራሻው "ሰኞ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች" ይላል። አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ በመመዘኛው 40,000 ሰው እንዲያገለግል ነው የሚታሰበው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብቻዋን ስንት ቤት ታንኳኳ?

ቅሬ ግን ማን እንደቀረ ያውቃል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል። የቀረ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ታሞ ከሆነ ሰው ይላክበታል። መንግሥት ይህን አሠራር ከባዶ ልፍጠር ቢል በብዙ ሚሊዮን ብርም አይችለውም፤ እናንተ ግን በየወሩ በምታወጧት መዋጮ ይዛችሁት ኖራችኋል። እንግዲህ ከጤና ጣቢያው ጋር ስትደራደሩ በእጃችሁ ያለው ትልቁ ነገር ይህ ነው። "እንለካላችሁ" ብላችሁ አትሂዱ። "ቀጠሮ ያቋረጠውን እንመልስላችኋለን" ብላችሁ ሂዱ። የኃላፊው ፊት ወዲያው ሲበራ ያያሉ።

የሚበራበትን ምክንያትም ልንገርዎ፣ የውስጥ ሰው ነኝና። ጤና ጣቢያ በእቅድና በሪፖርት ነው የሚኖረው። ስንት የግፊት ታካሚ መዘገብክ፣ ስንቱ በክትትል ላይ ነው፣ የስንቱ ግፊት ወረደ ተብሎ በየሩብ ዓመቱ ይጠየቃል። ሪፖርቱ ወደ ከተማው ጤና መምሪያ ይሄዳል፣ ከዚያ ባሕር ዳር ክልል ጤና ቢሮ ይደርሳል። እናንተ የመለሳችሁት እያንዳንዱ ሰው ለኃላፊው ነጥብ ነው። ይህን እንደ ነውር አይዩት። ሁለታችሁም የምትጠቀሙበት ስምምነት ነው የሚሰነብተው።

ከላይ አይጀምሩ። መምሪያ ድረስ ደብዳቤ ጽፎ መልስ መጠበቅ ወራት ይበላል። የቅሬ ዳኛው፣ አንድ ሴት አባልና እርስዎ ሆናችሁ መጀመሪያ የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኟት። የከተማው ፕሮግራም በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር የተመደቡት ነርሶች ነበሩ፤ ስለዚህ ግፊት ለመለካት አዲስ አይደሉም። እሷ ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ታስገባችኋለች። እዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃችኋል። ማን ይለካል፣ በየትኛው ቀን፣ ወደ ጤና ጣቢያ የተላከው ሰው ማን ክፍል ይገባል፣ መድኃኒት ካለቀ ማን ለማን ይደውላል። ሁለት ፊርማ፣ ሁለት ማኅተም። የ12 ገጽ የመግባቢያ ሰነድ አይቻለሁ። ከተፈረመ በኋላ ያነበበው ሰው ግን አላየሁም።

ስትገናኙ ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ለክትትል የተለየ ቀን አላችሁ ወይ የሚል ነው። የእናንተ ሰው ጠዋት ሄዶ ከሳልና ከትኩሳት ታካሚ ጋር እስከ ሰባት ሰዓት ከተሰለፈ ሁለተኛ አይመለስም። ሁለተኛው፣ በጤና ጣቢያው ቦርድ ውስጥ የሕዝብ ተወካይ ሆኖ የተቀመጠው ማን ነው? ጤና ጣቢያ ከሕክምና የሰበሰበውን የውስጥ ገቢ ራሱ ይጠቀምበታል፣ አጠቃቀሙን የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው። የግፊት መድኃኒት በየወሩ እየተቋረጠ አጥር የሚቀባ ከሆነ መናገሪያው ቦታ እዚያ ነው። ብዙ ቅሬ ይህን ወንበር አያውቀውም።

አሁን ወደ መለኪያው። ስትገዙ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዉት። ካፉ፣ ማለት ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ፣ ሁለት መጠን ይኑረው። ወፍራም ክንድ በጠባብ ካፍ ከተለካ የሌለ ግፊት ያሳያል። በስድስት ወር አንዴ ማሽኑን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ከእነሱ ጋር አስተያዩት።

በመጀመሪያው የመለካት ቀኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገርዎ። ሰው ቶሎ እንዲሰበሰብ ብዬ የቅሬውን ጥሩምባ አስነፋሁ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው። "ማን ነው? ማን ሞተ?" ዳገቱን በሩጫ የወጡ አንዲት እናት ገና ትንፋሻቸው ሳይሰበሰብ ለካኋቸው። ላይኛው 178 አለ። ደንግጬ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። በሳምንቱ ቁጭ ብለው አርፈው ሲለኩ 132 ሆነ። "አንተ ነህ ያሳመምከኝ" እያሉ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። የዚያን ቀን የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ የድንጋጤ ቁጥር ነበር።

ደሴ ደግሞ ከተማው ራሱ ዳገት ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ስለዚህ የመጣው ሰው ወንበር ላይ ጀርባውን ደግፎ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። እግሩን አያነባብር። ሽንት ቤት ከፈለገ አስቀድሞ ይሂድ። ክንዱ በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሲለካ አያውሩት። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይድገሙለት። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና ወይም ሲጋራ እንዳይኖር። ጫትም ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል። በወሎ ስብሰባ አቦሉ ሳይቀዳ ሰው አይሰባሰብም፣ አውቃለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ይለካ፣ ቡናው ኋላ ይፈላ። ሽታው ራሱ ሰው ያቆያል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። በሦስት ሰዓት በአንድ ማሽን 18 ሰው ነው። በሁለት ማሽን 36። 210 አባወራ በአንድ ቀን እንጨርሳለን ካላችሁ የምትጨርሱት ወረቀቱን ነው። ከ30 ዓመት በላይ ካሉት ጀምሩ፣ በወር በወር ተራ አውጡ።

ቁጥሩን የሚተረጉመው ባለሙያ ነው፣ ግን ማወቁ አይከፋም። ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ሰውየው ጤና ጣቢያ ሄዶ በሌላ ቀን ይደገምለት። በአንድ ቀን ልኬት "ግፊት አለብህ" አይባልም። ላይኛው 180 ወይም ታችኛው 110 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዚያኑ ቀን ይሂድ። አፉ ከተጣመመ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ ወይም ደረቱን ከያዘው ደግሞ ማሽኑን ተዉትና ባጃጅ ጥሩ፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

በጣም የምፈራላችሁ ምስጢር ላይ ነው። የቅሬ መዝገብ ሁሉም የሚያነበው መዝገብ ነው። የማንም ግፊት እዚያ ላይ እንዳይጻፍ። ልኬቱ መጋረጃ ጀርባ ይሁን። ቁጥሩ በትንሽ ካርድ ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጥ፣ ሌላው ቅጂ ከጤና ባለሙያዋ ጋር ይቅር። እናንተ ዘንድ የሚቀረው "ተለክቷል" የሚል ቃል ብቻ ነው። እከሌ ጤና ጣቢያ ታዘዘ ከተባለ ሰፈሩ ስለ ግፊት አያስብም፣ የራሱን ይጨምርበታል። በ1990ዎቹ በኤች አይ ቪ ጊዜ እድሮችና ቅሬዎች በሽተኛ ቤት ድረስ እየሄዱ ብዙ ደግ ሥራ ሠርተዋል። በዚያው ዘመን አንድ ያመለጠች ወሬ ስንት ትዳር እንዳፈረሰችም ታስታውሳላችሁ።

ታዲያ ምስጢር ጠብቆ ሰው መመለስ እንዴት ይሆናል? እኔ ሲሠራ ያየሁት እንዲህ ነው። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ይጠየቃል፦ "ከቀጠሮ ብትቀር ማን ቤትህ ቢመጣ ደስ ይልሃል?" አንድ ሰው ራሱ ይመርጣል፣ ይፈርማል። ሲቀር ባለሙያዋ ለዚያ ለተመረጠው ሰው ብቻ ትደውላለች። እሱ ወይም እሷ ደግሞ መዝገብ ይዘው አይሄዱም። አንዲት የቅሬ እናት ነበሩ፣ የሚሄዱት ሁልጊዜ በቡና ሰዓት ነው። በረካው ሲደርስ ብቻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ማክሰኞ አብረን እንውረድ እንዴ? እኔም ወገቤን ልታይ ነበር" ይላሉ። ወገባቸው ምንም አልነበረም። ከሄዱባቸው ቤቶች ባዶ እጃቸውን የተመለሱበትን አላስታውስም።

መድኃኒቱስ በምን ይገዛል? የግፊት ኪኒን የዕድሜ ልክ ነገር ነው። በየወሩ ከኪስ ይውጣ ከተባለ ጤፍና ኪራይ ይቀድሙታል። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት አባሎቻችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ መግባታቸውን አጣሩ። ደመወዝተኛ ላልሆነው ሰው የተዘጋጀ ነው። አገሪቱ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራውን ስትጀምር አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። የሐይቅ ገበሬ ነገሩን ቶሎ ገባው ሲሉ አልገረመኝም። ቅሬ ያለው ሰው መድን ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያኛው ለሞት፣ ይሄኛው ለሕመም። የእድሳት ወቅቱ ሲደርስ ከቅሬው መዋጮ ጋር አስታውሷቸው። መክፈል የማይችለው ደግሞ በነፃ የሚገባበት መንገድ አለ፣ የሚለየውም በቀበሌ ነው። ማን በእርግጥ እንደተቸገረ ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ምልመላው ላይ ተገኙ። የመድን አባል ሕክምናውን የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ መሆኑንም ንገሯቸው። ደብተራቸውን ይዘው ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ሄደው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ያለ ማሽን ነገ የምትጀምሩት። የቅሬው ድስት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚመክረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን የሚወጣው ወጥና ንፍሮ ላይ ጨው የሚገባው በጭልፋ ነው። በርበሬውና ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ተደርጎበታል። የረጋው ዘይት አለ። የወጥ ቤቱን ሴቶች ሰብስባችሁ ከጨው አንድ ሦስተኛውን እንዲቀንሱ ተስማሙ፣ ማንም ሳይሰማ። አንድ ቅሬ እንዲህ አድርጎ በሁለተኛው ለቅሶ አንድ ሰው ብቻ "ጨው ቀጠነ" አለ። እሱም ጨው ነጋዴ ነበር።

ጾምን አትርሱ። ቅሬያችሁ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፣ ወሎ ነው። ረመዳን ሲገባ ኪኒን የሚያቋርጠው ብዙ ነው። በቀን አንዴ የሚወሰደውን ወደ ማታ ወይም ወደ ሱሁር ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ግን ሰዓቱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ለሚወስድና ስኳር ላለበት ሰው። ስኳር ድንገት ይወርዳል፣ ሰው ይጥላል። ጾሙ ከመግባቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ኢማሙን፣ ለዐቢይ ጾም ደግሞ ካህኑን ከነርሷ ጎን አስቀምጡ። ጸበል ሲጀምር መድኃኒት የሚጥልም አለ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ ተናግረው ነበር። ለግፊት ኪኒንም ያው ነው። ይህን ካህኑ ሲሉትና እኔ ስለው አንድ አይደለም።

ድርጅት መጥቶ "እንደግፋችሁ" ቢል እንቢ አትበሉ፣ ግን አበል አትቀበሉ። ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ባነር፣ የሥልጠና አበል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በጎ ፈቃደኛውም ያልቃል። ማሽን፣ ባትሪና ካርድ ማሳተሚያ ጠይቁ። የቅሬውን ገንዘብም ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። ለቀብር የተዋጣ ብር ለሌላ ሲወጣ ጠብ ይመጣል።

ይህን የሚያነቡ የኮምቦልቻ ሰዎች ካሉ ቀጥታ አይቅዱት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ አየሩም በሽታውም ይለወጣል፤ እዚያ ወባም አለ። በፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራው ወጣት በኪራይ ነው የሚኖረው፣ ቅሬ የለውም። እቁብ ግን አለው። እዚያ ብሠራ የፋብሪካውን ክሊኒክና የእቁብ ሰብሳቢዎቹን ነው የምይዘው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ቅጣት ነበር። አይሆንም። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ያ የቅሬ ሕግ ነው። ገላውን ለመታየት እንቢ ያለ ሰው ግን መብቱ ነው። ደግሞም በቅጣት የመጣ ሰው በሁለተኛው ቀጠሮ ይጠፋል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሁለተኛውን ነው። አንድ አባት ሁለት ዓመት ሙሉ እንቢ አሉን። "አላህ የጻፈው አይቀርም" ይሉ ነበር። ማንም አልተጨቃጨቃቸውም፣ ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ዓመት ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። "ለእሷ ነው" አሉ፣ በሩ ላይ እንደቆሙ። ነርሷ ወንበር ስትስብ ግን እጅጌያቸውን ቀድመው የሰበሰቡት እሳቸው ነበሩ።